የጨጎ ተራራ ብርና የወንድሜ ስም

ከጭድ ተራም ከአማኑኤልም ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የሟቹ ታናሽ ወንድም ተክለ ሃይማኖት ነኝ፤ ይህን የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸውና እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

አቶ አገኘሁ ሀብተ ወልድ ከአባታቸው ከአቶ ሀብተ ወልድና ከእናታቸው ከወ/ሮ አበራሽ በ1920 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጨጎ በተባለች የተራራ መንደር ተወለዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ በአሥራ አምስት ዓመታቸው መርካቶ ገብተው፣ የወሎው አንጥረኛ ሼህ እንድሪስ ዘንድ ወናፍ ከመንፋት ጀምረው፣ የተደባለቀ ብርን ከእርሳስ ጋር አቅልጦ፣ እርሳሱን ለአጥንት አመድ አጠጥቶ፣ ንጹሑን ብር ብቻ ማስቀረትን ከእኚያ ደግ ሰው ተማሩ። በ1945 ዓ.ም. ወ/ሮ ውባንቺ ቶላን በተክሊል አግብተው ሰገነትን ወለዱ።

ኋላም በአንድ የማዕድን ጥናት መሥሪያ ቤት ይሠሩ የነበሩትን የጎረቤታቸውን የአቶ አሸብርን ወንድ ልጅ ክርስትና አንሥተው አበልጅ ሆኑ። አበልጅ በእኛ ዘንድ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል፤ በአበልጅ መካከል ወረቀት መጻፍ፣ ምስክር መጥራት ነውር ነው። ወንድሜን የጎዳቸውም ይኸው ነው።

በ1970 ዓ.ም. ለእናታችን ተዝካር ጨጎ በሄዱ ጊዜ፣ የጥንት ሰዎች ቆፍረው የተዉት ጉድጓድ ውስጥ ገብተው፣ በነጭ ባልጩት መሐል የሚያብለጨልጭ፣ ሲያነሡት የሚከብድ፣ ሲመቱት አራት ማዕዘን እየሆነ የሚሰበር ግራጫ ድንጋይ አገኙ። ጥቂቱን አምጥተው ቢያቀልጡት በድንጋዩ ውስጥ የነበረው እርሳስ ወደ አመዱ ሰርጎ የምስር ፍሬ የምታህል ብር ቀረች። ደስታቸውን ባያችሁ! ሱቃቸውን ዘግተው ወደ አበልጃቸው ሮጡ፤ የድንጋዩ ጅማት በተራራው ውስጥ ወዴት እንደሚሄድም በእጃቸው ሥለው ሰጧቸው።

ከወራት በኋላ ግኝቱ በአቶ አሸብር ስም ተነገረ። ወንድሜ ግን “አገር ከተጠቀመ የእኔ ስም ምን ያደርጋል?” ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ቁፋሮው አርባ ሜትር ሲገባ ግን ጅማቱ ድንገት ተቆርጦ ፊት ለፊት ባዶ ቋጥኝ ሆነ። አለቆች ሲቆጡ አቶ አሸብር ምን ቢሉ ጥሩ ነው? “አንጥረኛው ብሩን ለራሱ ሊያስቀር ሆን ብሎ አሳሳተኝ።” ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! ሦስት ምስክሮችም አቶ አገኘሁ ማዕድን በቤታቸው ሲደብቁ አይተናል ብለው ቀበሌ ፈረሙ፤ ወንድሜም በኢኮኖሚ አሻጥር ተከሰው ሦስት ዓመት ታሰሩ።

በ1975 ዓ.ም. እንደ ተፈቱ ጨጎ ሄደው የጉድጓዱን መጨረሻ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ቋጥኙ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ተፍቆ ልሟል፤ ጭረቱም ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። ተራራው በጥንት ዘመን ተሰንጥቆ ግማሹ እንደ ተንሸራተተ፣ ጅማቱም እንዳላለቀና ዝቅ ብሎ እንደሚቀጥል ገባቸው። ይህን የሰሙት አቶ አሸብር ልጃቸውን አስቀድመው፣ ድንጋይ ተሸክመው ለይቅርታ መጡ። ወንድሜ የክርስትና ልጃቸውን አቅፈው አለቀሱ፤ ያወቁትንም ለአባቱ ደግመው ነገሩ። ምን ዓይነት ልብ ነው እባካችሁ! ሃያ ሜትር ዝቅ ተብሎ ሲቆፈር ብሩ ተገኘ፤ አቶ አሸብርም ተሸለሙ። ወንድሜን ከአሻጥረኝነት የምታነጻ አንዲት መስመር ግን አልጻፉም። ወንድሜም የፈለጉት እርሷኑ ነበር፤ “ሰገነት የአሻጥረኛ ልጅ ተብላ እንዳትቀር” ይሉ ነበር።

ለዓመታት የተነፈሱት የእርሳስ ጢስ እጃቸውን አዝሎ፣ ኩላሊታቸውን አድክሞ፣ ጥር 9 ቀን 1980 ዓ.ም. ጎጃም በረንዳ በሚገኘው ቤታቸው ስማቸውን የምታነጻዋን ያችን አንዲት መስመር እንደ ጠበቁ ዐረፉ።

ባለቤታቸው ወ/ሮ ውባንቺ፣ ልጃቸው ሰገነት፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ ዛሬ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ የሆነው የክርስትና ልጃቸው፣ እኔም ወንድማቸው ቀርተናል። አቶ አሸብርም እዚያ ቆመዋል፤ የሠሩትን ሰምተዋል።

አሁን ወረቀቱ ላይ የሌለውን ልናገር። ከፈረሙት ሦስት ምስክሮች ሁለቱ ሞተዋል። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ወንድሜ አንዳች ሲደብቁ አላየሁም፤ ፈርቼ ፈረምኩ። እርሳቸው ያውቁ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ሰገነት፣ አባትሽ አሻጥረኛ አልነበሩም፤ ዋሾው እኔ ነኝ።

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያሳርፍልን። እኔን ይቅር ሊሉ ይችሉ የነበሩት እርሳቸው ብቻ ነበሩ።