የሃርልተን ሰባተኛ ወንበር

(ሃርልተን፣ ሦስት መቶ አሥር ሰው የሚኖርባት የአሜሪካ ከተማ፤ ሰኞ ከሰዓት በኋላ። ትርንጎ ከእሳት አደጋ መኪናው ጋር አንድ ጣሪያ በሚጋራው ማዘጋጃ ቤት ገብታ፣ የባሏ የአክስት ልጅ የሆነው ጸሐፊው ልሳኑ የላከላትን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ መልሳለታለች።)

ትርንጎ፦ አልቀበልም። አንተ ጻፍከው፣ አንተው ብላው።

ልሳኑ፦ እትዬ ትርንጎ፣ ደብዳቤው የምክር ቤቱ ነው። እኔ የተባልኩትን ነው የጻፍኩት።

ትርንጎ፦ ፊርማው የማን ነው?

ልሳኑ፦ የእኔ።

ትርንጎ፦ ለፋሲካ ዶሮዬን ስትበላ ደንብ አልጠቀስክም። ሁለት ጊዜ ነው ያስጨመርከኝ።

ልሳኑ፦ የበላሁትን አልካድኩም። ደንቡ ግን ከተማ ውስጥ ዶሮ ማርባት ክልክል ነው ይላል። ይሻር አይሻር ዛሬ ማታ ድምፅ ይሰጥበታል። ካልተሻረ አሥራ ሁለቱም ከነአውራው በአሥር ቀን ውስጥ ይወጣሉ።

ትርንጎ፦ ከጫጩት ጀምሬ ያሳደግኳቸውን? ለማን ነው አቤት የሚባለው? ፖሊስ ጋ ልሂድ?

ልሳኑ፦ ፖሊስ የለንም። ቦታው ክፍት ነው።

ትርንጎ፦ ከንቲባውስ?

ልሳኑ፦ እሱ አለ።

ትርንጎ፦ ሥራው ምንድን ነው?

ልሳኑ፦ ፖሊሱን ማዘዝ።

ትርንጎ፦ የሌለውን?

ልሳኑ፦ የሌለውን። ደግሞ ምክር ቤቱ እኩል ለእኩል ሲሆን መጥቶ ይለያል። እስከዚያ ቤቱ ይተኛል።

ትርንጎ፦ ለካ ለዚህ ነው አውራ ዶሮዬን የሚከሰው።

ልሳኑ፦ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነዋ የሚጮኸው።

ትርንጎ፦ በዚያ ሰዓት የሚነሳ ከንቲባ ቢኖረን መንገዱ ይጠገን ነበር። ምክር ቤቱስ ስንት ነው?

ልሳኑ፦ ሰባት ወንበር፣ ስድስት ሰው። እንቁላል የምትሰጪያቸው ሦስቱ ካንቺ ጋር ናቸው። ሦስቱ አይደሉም።

ትርንጎ፦ ለእነሱም እልክላቸው ነበራ።

ልሳኑ፦ ይሄን አልሰማሁም። ብቻ ሦስት ለሦስት ነው፤ ከንቲባው ይመጣል።

ትርንጎ፦ እሱማ ለእንቅልፉ ነው ድምፅ የሚሰጠው። ሰባተኛው ወንበር ምን ሆኖ ነው?

ልሳኑ፦ የሚወዳደር ጠፋ። ተወዳዳሪ ሲጠፋ መራጩ ከወረቀቱ ግርጌ ባለው ባዶ መስመር ላይ የፈለገውን ስም ይጽፋል፤ ብዙ የተጻፈ ያሸንፋል። ባለፈው ያሸነፈው የአንድ ሰውዬ ውሻ ነበር። ባዶ የቀረውም ለዚያ ነው። የዘንድሮው ቆጠራ ዛሬ በዚህ ፖስታ መጥቷል፤ ያሸነፈ ማታውኑ ምሎ ይገባል።

ትርንጎ፦ ክፈተዋ።

ልሳኑ፦ እሺ... እትዬ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ ውሻው ነው?

ልሳኑ፦ እኔ ነኝ። ስድስት ድምፅ። ማነው እኔን የጻፈኝ?

ትርንጎ፦ ስድስት? እኔ፣ ባሌ አበጋዝ፣ ከጎረቤቶቼ ከእነ ብርቄ ቤት አራት። ልክ ነው። ያቺ መስመር ተጠሪ የሚሞላባት አይደለችም እንዴ? መቼም ቅጽ ሲባል መጨረሻው ላይ ተጠሪ ይጠየቃል። ቢሮ የሚገባ ዘመድ ያለን አንተ ነህ፤ አንተን ሞላን። ለእነ ብርቄም ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።

ልሳኑ፦ ለስድስት ሰው ተጠሪ አደረጋችሁኝ።

ትርንጎ፦ ምን ይጎዳሃል? ማታ ገብተህ እጅህን ማውጣት ነው።

ልሳኑ፦ የማዘጋጃ ቤቱ ደመወዝተኛ አባል መሆን አይችልም። ከገባሁ ይሄን ጠረጴዛ እለቃለሁ። አባል ደመወዝ የለውም፤ የሚያገኘው በየስብሰባው አንድ ብስኩት ነው፤ እሱንም የምገዛው እኔ ነኝ። ሦስት ልጅ አለኝ፣ እትዬ። አልቀበልም ብዬ እዚሁ እፈርማለሁ።

ትርንጎ፦ ፈረምክ?

ልሳኑ፦ ፈረምኩ።

ትርንጎ፦ እጅህ ለፊርማ አይከብድም። ወንበሩ አሁን ለማን ይሄዳል?

ልሳኑ፦ ለተከታዩ። ያለው አንድ ድምፅ ነው።

ትርንጎ፦ ስሙን ነው የጠየቅኩህ።

ልሳኑ፦ አንቺ ነሽ።

ትርንጎ፦ እኔ? የኛ ሰው ያንተን ነው የጻፈው። ፈረንጁ ስሜን መጥራት እንኳ አልቻለም። ማን ጻፈኝ?

ልሳኑ፦ ድምፅ ምስጢር ነው።

ትርንጎ፦ ልሳኑ።

ልሳኑ፦ በየሰኞው እየመጣሽ እኔን ከምታደርቂኝ፣ እዚያ ማዶ የምክር ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እነሱን ብታደርቂያቸው ብዬ ነው። ቀልዴን ነበር።

ትርንጎ፦ የቱ ነው ወንበሬ?

ልሳኑ፦ መስኮቱ ጋ ያለው።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ለከንቲባው ደውልለት። ዛሬ እኩል ለእኩል የለም፤ አትልፋ፣ ተኛ በለው።