ቡሬ ላይ ያስቸገረው ጆተኒ

አሁንም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል። ትምህርቴን ጥዬ ፍኖተ ሰላም ጋሽ አለኸኝ እንጨት ቤት ስሠራ፣ በእጃችን የሠራነውን ጆተኒ ቡሬ ያለ የወጣቶች አዳራሽ ወሰደው። እኛ ቤት ስንሞክረው ኳሷ ቀጥ ብላ ነበር የምትሄድ። በሳምንቱ የቡሬው ቀበሌ ሊቀመንበር አስጠራኝ። ጤፍ በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ሄድኩ።

«ኳሷ ሁልጊዜ ወደ እኔ ግብ ነው የምትንከባለል! ይሄ አሻጥር ነው። ካላስተካከልክ ታስረህ ታድራለህ» አለኝ። እሱ ደግሞ ሲጫወት ሁልጊዜ ግድግዳው ላይ ካለው ባንዲራ ስር ነው የሚቆም፤ ቦታ ቀይር የሚለው ደፋር የለም።

ብረቶቹን ነቅዬ ዘይት ቀባሁ፣ ኳሷን ለወጥኩ፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ሜዳው ላይ ውሃ ጠብ ባደርግ፣ ጥርግ ብሎ ወደሱ ግብ ወረደ። ያኔ ገባኝ። የእኛ ቤት ወለል ዘመም ያለ አፈር ነው፤ እግሮቹን የቆረጥናቸው በዚያ ልክ ነበር። የቡሬው ሲሚንቶ ግን ለጥ ያለ ነው። ስንቆርጥ «ጋሼ፣ ወለሉ ያዘነብላል» ብላቸው «ዝም ብለህ ቁረጥ!» ብለውኝ ነበር።

ረጃጅሞቹን ሁለት እግሮች አሳጥሬ፣ ኳሷ መሀል ስትቆም ነፍሴን ይዤ ተመለስኩ።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ ጋሽ አለኸኝ።

«የእኛ ወለል ነው።»

«ወለሌን አትሳደብ! ይልቅ የማንኩሳ ሰዎችም ጆተኒ አዘዋል፤ እግሩን ቁረጥ።»

እሳት ሆንኩ። «ለእርስዎ ወለል እኔ ልታሰር? ይቁረጡት! ከማንኩሳ ሲጠሩም እርስዎ ይሂዱ» ብዬ መጋዙን እግራቸው ስር ጥዬ ወጣሁ።