ምልክት ያልተሰቀለበት በር

ጋሽ ውሃልክ ከምድር ቤቱ የአናጢ ሱቃቸው ወጥተው ለምሳ ወደ ፎቅ ሲወጡ፣ አንድ የማያውቁት አናጢ የመሣሪያ ከረጢቱን አንግቶ ከፊታቸው ደረጃውን ይወጣ ነበር። መንገድ የምታሳየው የጎረቤታቸው የሰዓት ሠሪው ሚስት ናት፤ የተገነጠለ በሯን ልታስጠግን ነው። ዞር ብላ አየቻቸውና “እንደምን ዋሉ” ብላ መንገዷን ቀጠለች። እሳቸውም “ደህና” አሉ።

እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። የወለል መዝመም ይሁን የባልና የሚስት ጠብ፣ “በውሃ ልክ ይታይ” ሳይሉ ስለማያልፉ ሰፈሩ በመሣሪያቸው ጠራቸው። ያ ሊጠገን የተፈለገው በር ደግሞ የራሳቸው የእጅ ሥራ ነበር። ሰዓት ሠሪው ሲያገባ ከደህና እንጨት ሠርተው፣ “ለሙሽሮቹ ከእኔ ነው” ብለው ዋጋ አልተቀበሉም። ባለፈው ሳምንት ወታደሮች በጫማ ገንጥለው ገቡና ሰውየውን ወሰዱት። አሁን ሚስቱ በደጇ ያለውን አናጢ አልፋ ከሌላ ሰፈር ሰው አመጣች። ሰው እንዲህ ሲያልፍህ ከስድብ ይብሳል።

ይህን ሁሉ የእህታቸው ልጅ ከኋላ ሆና አይታለች። አስተማሪ ናት፤ ልትጠይቃቸው መምጣቷ ነበር።

“ጋሼ፣ ለምን እርስዎን አልጠራችም?”

“እኔ እንጃ። እሱ ረከስ ብሎላት ይሆናል” አሉ፤ እንዳልሆነ ግን ያውቁታል። ምሳውን ትተው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ፤ እሷም ተከተለቻቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የእነ ጋሽ ውሃልክን የጸሎት ቤት ግድግዳ በተቃጠለ ዘይት አበላሸው። በማግስቱ የእነሱ ወገን ጎረምሶች ድምፅ ማጉያ ይዘው በሌላው እምነት ጸሎት ቤት ፊት ቆሙና የማይሰደበውን ሰደቡ። ድንጋይ ተወረወረ፣ ሱቅ ተቃጠለ፣ ጦር ሠራዊት ገባ። ሬዲዮው አክራሪዎች እየታደኑ ነው አለ፤ ወሬው ደግሞ የሚፈተሸው የእነዚያኞቹ ቤት ብቻ ነው አለ። ጋሽ ውሃልክ ይህን ሲሰሙ ከትርፍራፊ ጣውላ የእምነታቸውን ምልክት እየቆረጡ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሱ፣ በሕንፃው በር ሁሉ ላይ በምስማር መቱ። ሁሉም መረቃቸው። የቀረው የሰዓት ሠሪው በር ነው፤ በሕንፃው ውስጥ ሌላ እምነት ያለው እሱ ብቻ ነበርና።

“ምን ማድረግ ነበረብኝ ልጄ?” አሉ መላጊያውን አንስተው መልሰው እያስቀመጡ። “እኔ የጠበቅሁት የራሴን ሰው ነው። የእሱን በር አልነካሁም።”

“አልነኩም። ነገሩ እሱ ነው ጋሼ፤ ያልነኩት እሱን አንዱን ብቻ ነው።”

ጋሽ ውሃልክ ተቆጡ። ወታደሩ ባይደርስ ኖሮ ሰፈሩ አመድ ይሆን እንደነበር፣ አክራሪ በምክር እንደማይመለስ፣ እሷ የምታውቀው ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ እንደሆነ ነገሯት። ጥፋት የተሰማው ሰው ድምፁ ከፍ ይላል፤ የእሳቸውም ከፍ አለ። እሷ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

“ወታደሩ ለምን መጣ አላልኩም። ሱቅ ያቃጠለው ይያዝ። ዘይት የደፋው ይያዝ። በድምፅ ማጉያ የተሳደበውም ይያዝ፤ እሱን ደግሞ እናውቀዋለን። ሰዓት ሠሪው ግን ምን አደረገ? አይጥ በበላ ዳዋ ከተመታ፣ ሕግ ማስከበሩ የቱ ላይ ነው? ወታደሩ ከሩቅ የመጣ ነው፤ በዚህ ደረጃ የሚወጣ የሚወርደውን አያውቅም። እኛ ነን ያሳየነው።”

“እኔ ክፉ አላሰብኩም።”

“አውቃለሁ። ግን ዘይት የደፋው ሰው የፈለገው ምን ይመስልዎታል? ግድግዳማ ይታጠባል። የፈለገው እኛና እነሱ ተብለን እንድንለያይ ነው። እሱ ለይቶ የማይጨርሰውን እርስዎ በአንድ ከሰዓት ጨረሱለት፤ ያውም በነጻ።”

ሽማግሌው ለማንም ያልነገሩት አንድ ነገር ነበራቸው፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳቸው እሱ ነው።

“ወንበሩን የያዘልኝ እሱ ነው” አሉ በመጨረሻ።

“የምን ወንበር?”

“ከጎኑ ያለው በር ላይ ምልክቱን ስመታ የቆምኩበት ወንበር ተነቃነቀ። መዶሻውን ሰምቶ ወጣ። የምሠራውን አየ፤ ምን እንደሆነም ገባው። ‘ጋሼ፣ እንዳይወድቁ’ ብሎ እስክጨርስ ያዘልኝ። አመስግኜው ወረድኩ። ‘ለአንተስ?’ አላልኩትም።”

ልጅቱ የያዘችውን ክርክር ሁሉ ተወችው። ሰው በራሱ ላይ ሲፈርድ ሌላ ዳኛ አያስፈልገውም። ከሚስቱ የሰማችውን ብቻ ነገረቻቸው፦ መኮንኑ ከእነ ጋሽ ውሃልክ እምነት አንድ ጎረቤት መጥቶ ሱቅ አለማቃጠሉን ቢመሰክርለት እለቀዋለሁ ብሏል፤ ሴትዮዋ በር አንኳኩታ ሁሉም “ጊዜው ክፉ ነው” አላት፤ የእሳቸውን በር ግን አላንኳኳችም።

“የእኛዎቹ ከሃዲ ቢሉኝስ?”

“ይሉዎታል። አሁን ከሚሰማዎት ግን አይብስም።”

ጋሽ ውሃልክ መዶሻቸውን ይዘው ወጡ። መጀመሪያ የራሳቸውን በር ምልክት በመዶሻው ጀርባ ነቀሉ። ከዚያ በየቤቱ እያንኳኩ፣ “እምነታችሁን ልብ ላይ ያዙት፤ ከበሩ ላይ ላንሳው” አሉ። አንዱ አጉረመረመ፣ አንዷ አለቀሰች፣ አንዱ በሩን ዘጋባቸውና ጥቂት ቆይቶ ራሱ ነቅሎ አመጣላቸው።

በማግስቱ በጦር ሰፈሩ በር ላይ ረጅም ሰዓት ቆመው ገቡ። መኮንኑ ከወረቀቱ ቀና ብሎ አያቸው።

“አባት፣ የእሱ ወገን ነዎት?”

“አይደለሁም። ጎረቤቱ ነኝ። ያ ሱቅ በተቃጠለ ሰዓት ከእኔ ጋር ነበር፤ የግድግዳ ሰዓቴን ይጠግንልኝ ነበር። በሩንም ያሳየኋችሁ እኔ ነኝ።”

“እርስዎን እዚያ ያየዎት የለም።”

“በእጄ ነው ያሳየሁት” አሉና ስለ ምልክቶቹ ተናገሩ። መኮንኑ መልቀቂያውን ፈረመ። ሰዓት ሠሪው ጣቶቹ አብጠው ወጣ። ያ እጅ ድሮ ዐይን የማያየውን ብሎን ያነሣ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወታደሮች አንድ ጊዜ መጥተዋል። በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው ስላገኟቸው እያንኳኩ በስም ለመጠየቅ ተገደዱ። በስም ሲጠየቅም ሱቁን ያቃጠለው ተገኘ፤ የተገኘው ምልክት ከነበረባቸው በሮች ከአንዱ ነው። ሕግ ስም ሲጠይቅ ጥፋተኛን ይይዛል፤ እምነት ሲጠይቅ ግን ጥፋተኛን ይሸሽጋል። የሕንፃው ወላጆችም ይህን ካዩ በኋላ ልጆቻቸውን ከድምፅ ማጉያው መለሷቸው፤ ተሰደብን ለሚል ሁሉ መሳደብ መልስ እንዳልሆነ ዛሬ የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውም ለክፉ ቀን ነው፤ ለደግ ቀንማ ሁሉም ጎረቤት ነው።

ያ የሌላ ሰፈር አናጢ የገጠመው በር ግን ዘሟል። ሲከፈት ወለሉን ይፍቃል። ጋሽ ውሃልክ አንድ ቀን ደረጃ ላይ ሰዓት ሠሪውን አስቁመው፣ “ልጄ፣ በሩን ላስተካክልልህ፤ የአንድ አፍታ ሥራ ነው” አሉት።

ሰዓት ሠሪው ፈገግ አለ። ቂም የለውም፤ ሰላምታውንም አላጓደለም።

“ይቆይ ጋሼ። ይከፈታል፣ ይዘጋል።”

ማለዳ ማለዳ ያ በር ወለሉን ሲፍቅ ጋሽ ውሃልክ ቤታቸው ሆነው ይሰሙታል። የያዙትን ያስቀምጡና እስኪዘጋ ድረስ ቆመው ይጠብቃሉ።