ለቆሰለ ጎሽ ቅቤ አልቀባም
አደን ጠልቼ እንዳይመስላችሁ፤ አባቴም ጎሽ ገዳይ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ ቶሌራ ከዲዴሳ በረሃ ተመልሶ መንደራችን ዲጋ ገባና፣ ጎሽ ገደልኩ ብሎ እየፎከረ፣ ሰፈሩን አስከትሎ ደጄ ላይ ቆመ። እናታችን ስለሌለች የገዳዩን ራስ ቅቤ የምቀባው እኔ ነበርኩ። ለግዳይ ምስክር የሚሆነውን ጅራት በእጁ ስላላየሁ፣ ቅቤውን እንደያዝኩ «ጅራቱስ?» አልኩት።

«አቁስዬዋለሁ እትዬ፤ ደሙን እያንጠባጠበ ጫካ ገባ። አይተርፍም።»

ጎረቤታችን ኦቦ ጉደታ ጣልቃ ገቡ። «በወጋችን መጀመሪያ ያደማው ነው ገዳዩ። ሌላ ሰው ቢጨርሰው እንኳ ግዳዩ የእሱ ነው። ቅቢው ልጄ።»

«ግዳዩ የእሱ ከሆነ ስቃዩም የእሱ ነው ኦቦ» አልኳቸው። ቅቤውን ወደ ቅሉ መለስኩና ወደ ቶሌራ ዞርኩ። «ሄደህ ፈልገው። ሳትጨርሰው ይህን ደጅ አትረግጥም።» ሰዉ አጉረመረመ፤ እኔ ግን ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም። ቶሌራ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ፊቱን እንዳጠቆረ ተመልሶ ወረደ።

በማግስቱ ጅራቱን ይዞ መጣ፤ ፉከራ የለም፣ የተከተለውም ሰው የለም። «ጥይቴ መንጋጋውን ሰብሮት ኖሯል» አለኝ ቀስ ብሎ። «ወንዙ ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። አፉን ውሃው ውስጥ ይነክራል፣ መጠጣት ግን አቅቶታል።»

ቅሉን አወጣሁ። «አሁን ገዳይ ነህ፤ ና ልቀባህ» አልኩት።

ራሱን በእጁ ከለለ። «ተይው እትዬ» አለ፤ «ወጥ ሥሪበት።»