ወረፋ የተባለው ጨዋታ

— ሄሎ... ሄሎ፣ እትዬ? ቆይ፣ ቆይ አንዴ፣ ማሽኑ እየጮኸ ነው፣ አልሰማሽም።

ሚሊሜትር የወረቀት መቁረጫውን አጠፋና ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ሸጎጠው። በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። ሃያ ዓመት ወረቀት ሲቆርጥ አንዱ ቅጠል ከሌላው ፀጉር ታህል ከወጣ ካልደረደርኩ እያለ ሰው ያስመረረ ስለሆነ፣ ሚሊሜትር ብለውት ቀረ። አሁን ግን የመቁረጫ ክፍሉ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጥፏል። አዲሱ ማሽን ራሱ አትሞ ራሱ ይቆርጣል አሉ። አርባ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው ከመቁረጥ ሌላ ምን እንደሚያውቅ የጠየቀው የለም።

— አሁን ይሰማል፣ ቀጥይ። አለቀ? ... እንዴት አላለቀም? አሥር ሰዓት ሊሆን ነው እኮ።

— ቆይ፣ እትዬ፣ እኔ ስለ ጨዋታው ትንፍሽ ማለት የለብኝም። ነግሬሻለሁ። ሠሪው አፉን ይዘጋል፣ ተጫዋቾቹ መመሪያውን ብቻ አንብበው ይጫወታሉ። ሕጉ ነው። ... አዎ፣ አንቺ አትጫወቺም፣ አንቺ ሰዓት ያዥ ነሽ። ታዲያ ሰዓት ያዥ ለሠሪው ይደውላል እንዴ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የገበታ ጨዋታ የሚያሳትም ድርጅት ውድድር አወጣ። «ትዕግሥት» የሚል ርዕስ ሰጠና፣ በአሥር ቀን ውስጥ አዲስ ጨዋታ ሠርታችሁ አምጡ አለ። ትዕግሥት ብሎ አሥር ቀን መስጠት ምን የሚሉት እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። የጨዋታውና የመመሪያው አንድ ቅጂ ትናንት ገብቷል። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ደግሞ ዘመድ ያልሆኑ፣ ጨዋታውን አይተው የማያውቁ ሦስት ሰዎች ተጫውተው የሞሉት ቅጽ መግባት አለበት። ያሸነፈው ሰው እዚያው ድርጅት ውስጥ ለአንድ ዓመት ይቀጠራል። ለሌላው ተወዳዳሪ ይሄ ሽልማት ነው። ለሚሊሜትር ግን ወሩ ባለቀ ማግስት ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ቦታ ነው።

ታላቅ እህቱ የተማሪ ዩኒፎርም ታሰፋለች። ሦስት ሠራተኞቿን ከስፌት መኪናቸው አስነስታ ጨዋታው ፊት ያስቀመጠችለት እሷ ናት።

— ከስንት ሰዓት ጀምሮ? ... ከሰባት? ሦስት ሰዓት ሙሉ? ... አይሆንም። እትዬ፣ ይሄ ጨዋታ አርባ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሽፋኑ ላይ ተጽፏል። ... አዎ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ዝም ብዬ ግን አልጻፍኩም። ስድስት ጊዜ ሞክረነዋል፤ ስድስቱንም አርባ አምስት ደቂቃ። አንዲትም ደቂቃ አልዘለለም።

ይህን ሲናገር ደረቱ ትንሽ ነፋ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ በጨዋታው ከሥዕሉም ከካርዱም በላይ የሚኮራው በዚህች አርባ አምስት ነበር። ሌላው የሠራው ጨዋታ አንዴ ሃያ፣ አንዴ ሰባ ደቂቃ ይፈጃል። የእሱ ግን በልክ የተቆረጠ ነው።

— ምናልባት ቀስ እያሉ ይሆናል። ... ማን? ቁልፍ የምትተክለዋ? ... ተኛች? ጨዋታው ላይ? ... እሺ፣ ደክሟት ይሆናላ። በእሷ ተራ ማን ይጥልላታል? ... አንቺ? አይቻልም፣ አንቺ ዘመድ ነሽ። ... እሺ፣ እሺ፣ አልሰማሁም።

የጨዋታው ስም «ወረፋ» ነው። ገበታው ላይ አንድ ረጅም የመሥሪያ ቤት ኮሪደር ተሥሏል፤ ጫፉ ላይ አንዲት መስኮት አለች። ተጫዋቾቹ ትንንሽ የእንጨት ሰዎቻቸውን አሰልፈው ወደ መስኮቷ ይገፋሉ። «ዘመድ አለኝ» የሚለው ካርድ ሦስት ሰው ያስቀድማል። «ፎቶ ኮፒ ጎድሏል» የሚለው ወደ ኋላ ይመልሳል። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለው ሲወጣ ሁሉም ባለበት ይቆማል። መስኮቷ ጋ የደረሰ ማኅተም ይወስድና ሌላ ጉዳይ ይዞ እንደገና ከኋላ ይሰለፋል። ማተሚያ ቤት ውስጥ ሲጫወቱት ሳቁ ከማሽኑ ድምፅ ይበልጥ ነበር።

— እስቲ የት ደረሱ? ... ማለቴ አትንገሪኝ። ... እሺ ንገሪኝ፣ እኔ ግን አልመልስም።

— መስኮቱ ጋ ደረሰች፣ ማኅተሙን ወሰደች፣ ዞራ ከኋላ ተሰለፈች። አዎ፣ እንደዚያ ነው። ... ሌላዋም ደረሰች፣ ወሰደች፣ ተሰለፈች። ልክ ነው። ... ከዚያ? ... ከዚያማ እንደገና... ከዚያ በኋላማ...

መሳቢያውን ሳብ አድርጎ የመመሪያውን ቅጂ አወጣ። አራት ገጽ ናት፤ ጠርዟ እንደ ምላጭ ነው፣ ራሱ ነው የቆረጣት። በጣቱ መስመር በመስመር ወረደ። አሰላለፍ አለ። ካርድ አጣጣል አለ። ማኅተም አወሳሰድ አለ። አራተኛው ገጽ ላይ ደረሰና ጀርባዋን ገለበጠ። ጀርባዋ ነጭ ነው።

— እትዬ፣ አንዴ ያዢልኝ። አትዝጊው።

— አንተ፣ ና እስቲ። ቀለሙን አስቀምጠውና ና። ወረፋን ስንጫወት እንዴት ነበር የምናበቃው? ... ማን ያሸንፋል አላልኩህም፣ እንዴት ነው የምናበቃው ነው የምልህ። ... ምን?

የማተሚያ ቀለም የሚሞላው ባልደረባው እጁን ዘረጋ። በጥቁር ጣቱ ከበሩ በላይ ያለውን የፋብሪካ ደወል አሳየውና ምን ነካህ በሚል ዓይን ተመለከተው። ሚሊሜትር ክው አለ።

የምሳ እረፍት አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ስድስቱንም ጊዜ የተጫወቱት በምሳ እረፍት ነው። ደወሉ ሲጮህ ከመስኮቷ ፊት የቆመው ሰው «በላሁ» ይላል፣ ካርዱ ይሰበሰባል፣ ሁሉም ወደ ማሽኑ ይሮጣል። ይሄ በየቀኑ ስለሆነ ማንም እንደ ነገር አልቆጠረውም። ሃያ ዓመት በደወል ሲቀመጥና በደወል ሲነሳ የኖረ ሰው፣ ደወሉ ሕግ መሆኑ ጠፍቶት መመሪያው ውስጥ ሳይጽፈው ቀረ።

— ሄሎ... አለሁ። ... ምንም አልሆንኩም። እትዬ፣ መጨረሻ የለውም። ... ጨዋታው ነዋ። ሴቶቹ አላጠፉም፣ እስከ ነገ ቢጫወቱም አያልቅም። እኛ ጋ የሚያበቃው ደወል ነው። የምሳ ደወል። ... አትሳቂ። ... ሳቂ እንግዲህ፣ ምን ታደርጊ፣ የሌላ ሰው ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

— አይቻልም። መመሪያው ትናንት ገብቷል፣ ከገባ በኋላ አንድ ፊደል አይነካም። ... ምን መሰለሽ የሚያናድደኝ፣ አንድ መስመር ይበቃው ነበር። «አምስት ማኅተም ቀድሞ የሰበሰበ ያሸንፋል።» አለቀ። እሱን ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። አሥር ቀን ነበረኝ እትዬ። አሥር ቀን ሙሉ የካርዱን ማዕዘን ሳሾል፣ ሳለሰልስ ከረምኩ።

— መጣሁ ጋሼ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ። እህቴ ናት። ... አዎ፣ መማሪያ መጽሐፉ ዛሬ ያልቃል፣ አያስቡ።

የፈረቃ አለቃው ሰዓቱን አየና አለፈ። ሚሊሜትር ወደ ግድግዳው ዞረ። ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

— ቅጹን የሚያደርሰው ሞተረኛ መጥቷል? ... በር ላይ ነው? ቅጹን ያዢ። የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይላል? ... «ጨዋታው በስንት ደቂቃ አለቀ?» ሁለተኛው? ... «አሸናፊው ማን ነው?» ከታች የሰዓት ያዥ ፊርማ አለ አይደል? ያንቺ።

— ስሚኝ እንግዲህ። አርባ አምስት ብለሽ ጻፊ። ... አርባ አምስት ደቂቃ። አሸናፊ ደግሞ ማኅተም የበዛላትን ጻፊ። ... አውቃለሁ። አውቃለሁ እትዬ፣ ግን ስሚኝ፣ ዳኞቹ ለአንድ ጨዋታ ከአንድ ሰዓት በላይ አይሰጡም። ሰዓቱ ሲደርስ ጨዋታውን ያቆሙታል፣ በቃ፣ መጨረሻ እንደሌለው አያውቁም። ቅጹ ትክክል ከሆነ ያልፋል። አንድ ፊርማ ነው የቀረው፣ አንድ ፊርማ።

ይህን ብሎ ለቁጣዋ ተዘጋጀ። እትዬ ባላየችው ነገር ላይ ፈርማ አታውቅም። ቤት ሲከራይ ምስክር ሁኚልኝ ቢላት፣ ቧንቧውን ሁሉ አስከፍታ፣ የመጸዳጃ ቤቱን ውኃ ሁለቴ ለቅቃ፣ አከራዩን አስለቅሳ ነው የፈረመችው። ልጅ ሆኖ መንገድ ላይ ያገኘውን እርሳስ ባለቤቱን እስኪያገኝ ሰፈሩን ቤት ለቤት አዙራዋለች። የሚመልስላትን ሁሉ አዘጋጅቷል፤ ለዛሬ ብቻ ነው ሊላት ነው፣ ማንን ጎዳሁ ሊላት ነው፣ ብትሰድበውም ችሎ ሊለምናት ነው።

— ሄሎ? ... ምን አልሽ? ... እሺ? እሺ ማለት፣ ትፈርሚያለሽ?

— ... አይ፣ ምንም። ጥሩ ነው። ... ትቆጪኛለሽ ብዬ ነበር፣ ለዚያ ነው።

እሺታዋ ለስላሳ ነበር። ይቺን እሺ ያውቃታል። እናታቸው በመጨረሻው ወሯ፣ ከአልጋ ቀና ማለት አቅቷት ሳለ፣ ነገ ገበያ እወጣለሁና ጫማዬን አዘጋጁልኝ ትል ነበር። እትዬ ያኔ እሺ ትላለች። ጫማውን ጠርጋ አልጋው ሥር ታስቀምጠዋለች። በማግስቱም እንዲሁ። የቤቱ ተከራካሪ እትዬ በዚያ ወር አንዴም አልተከራከረችም። ሚሊሜትር እናቱ እንደማትድን ያወቀው ከዚያች እሺ እንጂ ከሐኪሙ አፍ አልነበረም።

— እትዬ። ተቆጪኝ እስቲ። ... የምሬን ነው፣ ተቆጪኝ። ... አላመመኝም። ማንም ምንም አላለኝም። ... ሥራውን ተዪው፣ ስለ ሥራው አይደለም የጠየቅሁሽ። ስለ ጨዋታው ነው። ከመጀመሪያውም ይሆንለታል ብለሽ አላሰብሽም አይደል? ... ንገሪኝ፣ አልቀየምም። ... እ? ... ታዲያ ሦስት ሰው ከሥራ አስፈትተሽ ሦስት ሰዓት ለምን አስቀመጥሽልኝ?

መልሷ ረጅም ነበር። በመሃል ድምፅዋ ተቆራረጠ፤ መስመሩ ይሁን እሷ አልለየውም። እሱ ግንባሩን ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ አሳርፎ ሰማት።

— ገባኝ። ... ተስፋ እንዳልቆርጥ ብለሽ ነው፣ ገባኝ አልኩሽ እኮ። ... አይ፣ አልተቀየምኩም።

— እንግዲህ አትፈርሚ። ... ማለቴ አርባ አምስት ብለሽ አትፈርሚ። የሆነውን ጻፊ። «በሦስት ሰዓት አላለቀም። አሸናፊ የለም።» ከሥሩ ፈርሚ። ... አዎ፣ ይወድቃል። ... አውቃለሁ እትዬ፣ በአንድ ቅጽ ይጥሉታል። ይጣሉት። አንቺ ግን ለእኔ ብለሽ እንዲህ ያለ ነገር አትፈርሚ። እኔ ገና አልሞትኩም።

— ሞተረኛውን አሁኑኑ ላኪው፣ ሰዓት እንዳያልፍበት። ... ቢወድቅም በሰዓቱ ገብቶ ይውደቅ። ሳይገባ ቀረ እንዲሉኝ አልፈልግም።

— ሴቶቹን አመስግኚልኝ። የተኛችዋን ቀስቅሻት፣ ወደ ቤቷ ትሂድ። ... ለመሆኑ ማኅተም የበዛላት ማናት? ... የተኛችዋ? ... ስንት? ... አሥራ ዘጠኝ? ተኝታ?

ሊስቅ ሲል ከወዲያኛው ጫፍ የእህቱ ሲቃ ተሰማው።

— እያለቀስሽ ነው። ... እያለቀስሽ ነው፣ ይሰማኛል። ተይ በቃ፣ ሠራተኞችሽ ያዩሻል። ... ዛሬ አልመጣም፣ እዚህ የመማሪያ መጽሐፍ ክምር አለብኝ። ነገ እመጣለሁ። ... እሺ። ... እሺ፣ እበላለሁ። ... ቻው እትዬ።

ስልኩን ዘጋና በሸሚዙ ኪስ ከተተው። የተደረደረውን ወረቀት በመዳፉ መታ መታ አድርጎ አስተካከለ፤ አንዱ ጥግ ወጣ ብሎበት እንደገና በተነው። የፈረቃ አለቃው ከኋላው መጥቶ ቆሟል።

— እህቴ ነበረች ጋሼ። ... አዎ፣ ስለ ውድድሩ ነው። ... ምን ትለኛለች፣ እሺ ነው ያለችኝ።

አለቃው መልካም ዜና መስሎት ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገለትና ወደ ቢሮው ሄደ። ሚሊሜትርም ማሽኑን አስነሳ።