ጋቢ የለበሰው ሶላር

አንድ ሐሙስ ጠዋት ከሚሴ ማደያ በር ላይ ሞተር ሳይክሌን ደግፌ ሰልፍ ይዣለሁ። ይግዛው እባላለሁ፤ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ስለ ኃይል ምንጮች ተማሪ ሳደነቁር ከርሜ ለሁለት ሊትር ቤንዚን ከንጋት ጀምሮ ስገተር ራሴን ታዘብኩት። ከፊቴ ካለው ባጃጅ አንገታቸውን ብቅ ያደረጉትን ሰው ሳይ አያ ሙሐመድዘይን ናቸው። አሥራ አምስት ዓመት ባጃጅ የነዱ፣ ከተማው የሚያከብራቸው አባት።

«አካም ቡልታን፣ እንዴት አደሩ አያ? ዛሬ የልጅዎ የዙቤይዳ ሰርግ አይደለም እንዴ? እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ነጋያ፣ አልሐምዱሊላህ። ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ነኝ መምህር» አሉኝ። «ልጄ ትንሽ ሳለች ‹የሰርግሽ ቀን ራሴ ነድቼ አደርስሻለሁ› ብያታለሁ። አማቾቼ ጨፋ ሮቢት ከዙህር ሶላት በፊት ይጠብቁናል። ቤንዚን ካጣሁ ልጄ በሰው መኪና ልትሄድ ነው።»

አንጀቴን በሉት። «ያ አዲስ የገዙት የኤሌክትሪክ ባጃጅስ?» አልኳቸው።

«እሱን ተወው። የእህቴ ልጅ ዓዲላ ኮሌጅ ተማርኩ ብላ ባጃጁን አስገዛችኝ፤ ጣሪያዬንም በሶላር ሞላችው። ይኸው ሦስት ቀን ሆነው፤ ባትሪው ንቅንቅ አላለም። ፀሐይ እህል ስታደርቅ አይቻለሁ፤ ባጃጅ ስትነዳ ግን አላየሁም።»

ስሟን ሲያነሱ ዓዲላ እያለከለከች ደረሰች። ለሥራ ጨፋ ሮቢት ሰንብታ ለሰርጉ መመለሷ ነው። ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች።

«አጎቴ፣ አንቱን ፍለጋ ያልረገጥኩት ሰፈር የለም። ሙሽራዋ አባቴ የት ገባ እያለች ነው።»

«ያንቺ የጣሪያ መስታወት ከዳኝና ሰልፍ ላይ ነኝ፣ ልጄ። ደግሞስ ሰማዩ ሲደምን ምን ልሆን ነበር?»

«ሲደምን ይቀንሳል እንጂ አይቋረጥም። ሲያንስብንም ከመብራት እንሞላዋለን።»

«መብራቱስ በየቀኑ ይጠፋ የለም?»

«የራሳችንን የተከልነውም ለዚሁ ነው። ቤንዚን ቦቴ እስኪመጣ ያስጠብቃል፤ ፀሐይ ግን ደጃችን ድረስ ትመጣለች።»

«ቢበላሽስ? ይህንን አሮጌውን እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እፈታዋለሁ። ያንን ማን ያውቅልኛል?»

«እኔ አለሁልዎ። አንቱም በሳምንት ይለምዱታል፤ ከዚህኛው ይልቅ የሚፈታው ትንሽ ነው።»

ክርክሩ ወግ ያለው ነበር፤ ነገር ግን የማደያው ሰልፍ አንድ እርምጃ አልተራመደም። መምህርነቴ አላስቀምጥ አለኝና «አያ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ እያለ አልሞላ ካለ አንድ ነገር ከልክሎታል። ሄደን እንየው» አልኩ። ተራቸውን ማጣት ፈርተው አመነቱ። ከኋላችን የቆመው ቶፊቅ የሁለታችንንም ቦታ እንደሚጠብቅ ምሎ ሲነግራቸው ብድግ አሉ።

ቤታቸው ደርሰን ቀና ብንል ሶላሩ አይታይም። ነጭ ጋቢ ለብሷል፤ አራቱም ጫፍ ላይ ድንጋይ ተጭኗል። ሳቄን ለመደበቅ አሳልኩ።

«ምን ያስቅሃል?» አሉ አያ ቆጣ ብለው። «ጎረቤት ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ይህን የመሰለ ንብረት ገላጣውን ይተዋል? ዓይን እንዳይገባው ብዬ ነው። ደግሞ ፀሐዩም እንዳያቃጥለው።»

ዓዲላ አልሳቀችም። ይህች ልጅ መማሯን ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

«አጎቴ፣ ማልበስዎ ከመውደድ ነው፤ አልከፋም። ግን የዚህ ምግቡ ፀሐይ ነው፤ ሦስት ቀን ጾሙን አደረ። ለሰው ዓይን ማሽአላህ ይበሉበት፤ ጋቢውን ግን ያንሱለት።»

አያ ሙሐመድዘይን ከዚያ «ማሽአላህ» አሉና ራሳቸው መሰላሉን ወጥተው ጋቢውን ገፈፉት። ሲወርዱ ባጃጁ አጠገብ የባትሪ መሙያው አረንጓዴ መብራት በርቷል። በጣታቸው ነካ አድርገው «ዱጋ ነው፤ እውነቷን ነው» አሉ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ባትሪው ከግማሽ አለፈ። ዓዲላ ይህ ጨፋ ሮቢት ለመድረስ እንደሚተርፍ ነገረቻቸው፤ መመለሻውንም እዚያው ሰሞኑን አንድ የእህል መጋዘን ጣሪያ ላይ ከተከለችው ሶላር ይሞላሉ።

እኔ ወደ ሰልፌ ተመለስኩ፤ አመል ነው። ትንሽ ቆይቶ እልልታ ሰማሁ። ባጃጁ ያለ ድምፅና ያለ ጭስ በማደያው ፊት አለፈ፤ ሙሽራዋ ያንን ነጭ ጋቢ ደርባለች።

አሥር ሰዓት ላይ አያ ተመልሰው መጡ። እኛ እዚያው ነን።

«ቦታዎን ጠብቄአለሁ» አላቸው ቶፊቅ።

«ላንተው ይሁን፤ ነገ ግን ጣሪያዬን መጥተህ እይ» አሉና ወደ ሰልፈኛው ዞሩ። «ስሙኝ ወገኖቼ። ከእንግዲህ ነዳጅ ፍለጋ አላድርም፤ ጭስም አልውጥም። በሽተኛ የያዘ ሰው ቢጠራኝ ቤንዚን የለኝም ብዬ አልመልሰውም። መብራት ሲጠፋም ጎረቤቴ ስልኩን እኔ ዘንድ ይሞላል።»

ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይህ ሁሉ ይቅር፣ መምህር። አሥራ አምስት ዓመት ሰው ሳመላልስ በሞተሩ ጩኸት ከኋላዬ ማን ምን እንዳለ ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ ልጄ ቀስ ብላ ‹አባባ፣ ዱዓ አድርግልኝ› አለችኝ። ሰማኋት። ጨፋ ሮቢት እስክንደርስ እየነዳሁ መረቅኋት።»

ዓይናቸው እንባ አቅሯል፤ ፊታቸው ግን ይስቃል። እኔም ሞተሬን ከሰልፉ አወጣሁና፣ ለእኔስ ምን ይሻለኛል ብዬ ልጠይቃት ዓዲላ ወዳለችበት እየገፋሁ ሄድኩ።