ከባጃጁ ያልወረዱት ባሎች እና የሲስተር ሰርካዲስ ኃይለመለኮት ሕይወት

ከቅርብም ከሩቅም ለቅሶ ልትደርሱ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የአዋላጅ ነርስ ሲስተር ሰርካዲስ ኃይለመለኮትን ሕይወት ከግብዓተ መሬታቸው በፊት በትዕግሥት እንድታደምጡ እንለምናለን። ከፊሉ ለጆሮ አይመችም፤ እሳቸውም ቢሆኑ ለጆሮ የሚመቸውን ብቻ ሲናገሩ ኖረው አያውቁም።

ሲስተር ሰርካዲስ ከባቡር ሠራተኛው ከአባታቸው ከአቶ ኃይለመለኮት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺመቤት በ1964 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ለገሃር አካባቢ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚሁ ተከታትለው፣ ሐረር በአዋላጅ ነርስነት ሠልጥነው፣ መጀመሪያ በጀልዴሳ፣ ኋላም በከተማችን ሕመም እስኪያስተኛቸው ድረስ እናቶችን ሲያዋልዱ ኖረዋል።

በ1988 ዓ.ም. ከመኪና መለዋወጫ ነጋዴው ከአቶ ክፍሉ ጋር በተክሊል ተጋቡ፤ ልጅ ግን ሳይመጣ ዓመታት ነጎዱ። የባል ዘመዶች ሲስተርን ከጠበል ጠበል፣ ከሐኪም ሐኪም አንከራተቷቸው፤ ውጤቱ ሁሉ ጤነኛ መሆናቸውን ቢናገርም ሌላ የሚመረመር ሰው መኖሩ ለማንም አልታየም። አቶ ክፍሉ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቻቸው ጋር ጫት ቅመው፣ ምርቃናውን ለመስበር ለጨብሲ ሐሺሽ ማጨስ ልማዳቸው ነበር። ሲስተር ደግሞ ሐሺሽ የወንድን ዘር ቁጥር ሊቀንስ፣ እንቅስቃሴውንም ሊያዳክም እንደሚችል በሙያቸው ያውቁ ስለነበር ተመርመር ብለው ለመኑ፣ ተቆጡ፣ አኮረፉ። «ወንድ ልጅ በዚህ አይጠየቅም» ከሚል ሌላ መልስ አላገኙም።

ይህ ንዴት ሥራቸውም ውስጥ ገባ። ልጅ አጣን ብለው የሚመጡ ሚስቶች ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲመረመሩ ባሎቻቸው ከበር ውጭ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠው ስለሚጠብቁ፣ ሲስተር ጋውናቸውን እንደለበሱ ወጥተው ከባጃጁ አጠገብ እየቆሙ ስለ ማጨሳቸው ይጠይቋቸው ነበር። «አቦ ሲስተር፣ እሷን ጨርሺና እንሂድበት» የሚላቸው ይበዛ ነበር፤ የወረደው ጥቂት ነው።

ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጥ አንዲት ነፍሰ ጡርም ማቅለሽለሹን ያስታግሥልሻል ተብላ ሐሺሽ ማጨስ መጀመሯን ሲሰሙ መደቧ ድረስ ሄደው፣ ጭሱ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር በእንግዴ ልጁ አልፎ ጽንሱ ጋ እንደሚደርስ፣ ሕፃኑም ያለጊዜው ወይም ከክብደት በታች ሊወለድ እንደሚችል አስረዷት። ሴትየዋ ብትተውም ልጇ በጣም ትንሽ ሆኖ ተወለደ። በእርግዝና ክትትሏ ስለ ጫትና ስለ መጠጥ እንጂ ስለ ሐሺሽ የጠየቃት ሰው ባለመኖሩ ሲስተር በራሳቸውም በባልደረቦቻቸውም ለረጅም ጊዜ ሲናደዱ ኖሩ።

አቶ ክፍሉ እሺ ብለው የተመረመሩት ባለቤታቸው አርባውን ካለፉ በኋላ ነበር። ሐኪሙ ዘራቸው ማነሱንና መድከሙን ነግሮ፣ ሐሺሹ ብቻውን ነው ለማለት ባይደፍርም እንዲተዉ መከራቸው፤ ተዉ፤ ዓመት ሳይሞላም ሲስተር ፀነሱ። ጽንሱ ግን ሳይጠና ወረደ፤ ምክንያቱ አልታወቀም፤ ዳግመኛም አልፀነሱም። ያን ሁሉ ያለፈ ዓመት ማን ይመልስላቸው?

ሲስተር ሰርካዲስ በጡት ካንሰር ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ትናንት ጧት ዐረፉ። ከሰዓት በኋላ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ «መካን ሆና እንኳ አልፈታትም» እየተባለ አቶ ክፍሉ ሲመሰገኑ ተሰማ። አቶ ክፍሉም ይህን ሰምተው፣ ሰርካዲስ መካን እንዳልነበሩና ተመርመር ሲባሉ እምቢ ያሉት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን በሕዝብ ፊት እንድናነብ አዘዙን። አንብበናል።

ሲስተር ሰርካዲስ ባለቤታቸውን አቶ ክፍሉን፣ አንድ ወንድማቸውንና የወንድማቸውን ልጅ ዲናን ትተው አልፈዋል፤ በልማዳችን የልጆቻቸው ስም የሚነበበው እዚህ ላይ ነበር። የደከመች ነፍሳቸውን እግዚአብሔር ያሳርፍልን፤ በምድር ያላቀፉትንም በሰማይ ያሳቅፋቸው። አሜን።